ኮረብታው ላይ የቀረው ድምፅ

ሰፈሩ «እትዬ ሬዲዮ» ይላታል። ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣ ሁሉ ስሙ የወጣላት ወሬ ስለማታቆም ይመስለዋል። ውሸትም አይደለም፤ የስፌት መኪናዋ ይቆማል እንጂ አፏ አይቆምም። ስሙ ግን የመጣው ከሌላ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የጦር ሜዳ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበረች። በዚያ ሁሉ ተኩስና ጩኸት መሃል ማን እንደሚናገር በመጀመሪያው ቃል ትለይ ነበር።

ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የተማሪ ዩኒፎርም ኮሌታ እየገጠመች ሳለ፣ አንዲት ቀልጣፋ ወጣት ገባች። የእጩው የቅስቀሳ አስተባባሪ ነበረች። እጩውን የማያውቅ የለም፤ የድሮው ሻምበል ነው። ፎቶው በየግድግዳው ተለጥፎ ከሥሩ «ኮረብታውን ያልለቀቀ» ይላል።

«እትዬ፣ እሑድ አዳራሽ መጥተው ይህችን ቢያነቡልን ብለን ነው» ብላ ወረቀት ሰጠቻት።

መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «አፈግፍጉ ሲባል፣ ‹ቁስለኞቹ ሳይወርዱ አልወርድም› ያለው ሻምበል ነው። ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ይላል።

«ድምፁንስ ሰምቻለሁ» አለች። «ግን የሻምበል አይደለም፤ የሃምሳ አለቃችን ነው። ቀጭኑ እንለው ነበር። ሻምበልማ በመጀመሪያው መኪና ወርዶ፣ አጠገቤ ቆሞ ውኃ ይጠጣ ነበር።»

የአስተባባሪዋ ፈገግታ ደረቀ። «ሰውዬው ቤተሰብ አላቸው?»

«የለውም። ለዚህ እኮ ነው የተመቻችሁ።»

«ለማንኛውም ያስቡበት» ብላ ወረቀቱን ትታ ወጣች።

ልጇ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት። ነገሩን ስትሰማ በሩን ዘጋች። «እማዬ፣ በፈጠረሽ! ሰውዬው ከተመረጠ አለቃዬ ነው። አሞኛል ብለሽ ቅሪ።»

«ብቀር ወረቀቱን ሌላ ሰው ያነብላቸዋል። ያንን ድምፅ ከሰማነው በሕይወት ያለነው ሻምበልና እኔ ብቻ ነን። እሱ ደግሞ እንደማይናገር አየሽው።»

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረክ ላይ ስትወጣ ተጨበጨበላት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና የሃምሳ አለቃውን ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጠራች።

«አልወርድም ያለው እሱ ነው። አሥራ አንድ ቁስለኛ አስወርዶ እዚያው ቀረ። ሻምበል ግን...»

ማይክሮፎኑ ጠፋ። ሻምበል ከወንበሩ ተነስቶ ጠጋ አላትና «እህቴ፣ ያ ዘመን እኮ አልፏል» አላት በለሆሳስ።

«አልፎ ከሆነ ግድግዳው ላይ ምን ይሠራል?»

ከመድረኩ ወርዳ ሕዝቡ ፊት ቆመችና የቀረውን በባዶ ጉሮሮዋ ጨረሰችው። በመድፍ መሃል የተናገረች ሴት አዳራሽ አያቅታትም። አንዳንዶቹ ጮኹባት፤ የሚበዙት ግን ጸጥ አሉ። ከኋላ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ተነስተው እስክትጨርስ ቆመው አዳመጧት።

በማግስቱ የተፎካካሪው ሰዎች ካሜራ ይዘው ከች አሉ። «ጀግና ነዎት! ያንኑ ለእኛ ይድገሙልን።»

«የማንን ስም እንደጠራሁ ታውቃላችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ።

«እንግዲያው በሩ ያውላችሁ። ከአንዱ ፖስተር አውርጄ ሌላው ላይ ልለጥፈው አይደለም አፌን የከፈትኩት።»

ሻምበል አሸነፈ። ወር ሳይሞላ ልጇን ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ክፍል አዛወሯት፤ እሷም እናቷን ሳምንት ሙሉ አኮረፈቻት። በዚሁ መሃል የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር እናትየውን በደብዳቤ ጠራ፦ ይቅርታ ካልጠየቅሽ ከአባልነት ትሰረዣለሽ።

የቀጠሮው ቀን ጠዋት ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች። «አብሬሽ እሄዳለሁ» አለች።

ስብሰባው ላይ ልብስ ሰፊዋ የማኅበሩ ጸሐፊ ብዕሩን እስኪያነሳ ጠበቀች። «እሺ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለች። «ይህን ሁሉ ዓመት ዝም በማለቴ። ጻፈው። ከሥሩ የሃምሳ አለቃውን ሙሉ ስም ጻፍልኝ፤ ፊደል እንዳትስት አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።»

ጸሐፊው ሰብሳቢውን አየ። ሰብሳቢው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ልጅቷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ወደ እናቷ ተጠጋች። በመጨረሻ ጸሐፊው ጻፈ።

ከማኅበሩ በዚያው ወር ሰረዟት። ቃለ ጉባኤውን ግን ሰባት ሰው ፈርሞበታልና ሊቀድዱት አልቻሉም።