አዛዡን ያላናገርንባቸው ሳምንታት

በሰርጓጅ መርከብ አብረው የኖሩ ሰዎች ወንድማማች አይሆኑም። የሚባለው ተቃራኒው ነው፤ ባሕር ስር የተካፈሉት አየር የአንድ እናት ልጆች ያደርጋቸዋል ይባላል። እኔ ከእንዲህ ያሉት ሁለቱን በእጄ አጥቤያለሁ። ጀርባቸውንም የእግር ጥፍራቸውንም አውቀዋለሁ። በመካከላቸው ወንድምነት ከነበረ የቃየንና የአቤል ዓይነት ነበር።

ኦስሎ ውስጥ ትቬይታ፣ ከገበያ ማዕከሉ ከፍ ብሎ፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ አለ። በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ እሠራለሁ፤ በቀሩት ቀናት ማንም ያልጠየቀኝን አስተያየት እጽፋለሁ። ሁለቱ ሥራዎች አይራራቁም፤ በሁለቱም ያልራበውን ሰው ነው የማጎርሰው።

መጀመሪያ የገባው ምግብ አብሳዩ ነው። ሰማንያን ያለፈ፣ እግሩ የከዳው፣ ምላሱ ግን ያልከዳው ሽማግሌ። በወጣትነቱ በአንድ ትንሽ ሰርጓጅ መርከብ ላይ ለዓመታት ሲያበስል ኖሯል። እዚህ አገር አዛውንቱም ሕፃኑም «አንተ» ስለሚባል አንቱታውን ትቼዋለሁ፤ እሱም አልጎደለበትም።

ስለ ሰርጓጅ መርከብ ብዙ አንብቤ ነበር። ባነበብኩት ሁሉ አዛዡ ከውኃው በላይ የሚያይበትን ፔሪስኮፕ ጨብጦ፣ ላብ ጠብ ሳይለው፣ የሁሉንም ነፍስ በመዳፉ ይዞ ይቆማል። ይህን ስነግረው ገላውን እያጠብኩት ነበር።

«ከጸሐፊዎችህ ውስጥ ሽንት ቤቱን ያጸዳ አለ?» አለኝ።

«የለም መሰለኝ።»

«እንግዲያው ምኑን ጻፉት?»

ከዚያ እሱ ነገረኝ። ሃያ የማይሞሉ ሰዎች፣ አንድ ሽንት ቤት። ቧንቧዎቹን በቅደም ተከተላቸው ካልከፈትክ ያስወጣኸው ተመልሶ ፊትህ ላይ ይረጫል። አዛዡም አንዴ ደርሶበታል፤ ማንም ግን አልሳቀም። አንድ አልጋ ለሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ለተራው ሲነሳ ሌላው ላብ በጠጣው ፍራሽ ላይ ይጋደማል። ዳቦው ሳይቀር ናፍጣ ናፍጣ ይላል። «ከሚስቴ ጠረን ይልቅ የዚያን ሰውዬ ላብ አውቃለሁ» አለኝ ስለ አልጋ ተካፋዩ።

በጸደይ ፊት ለፊቱ ወዳለው ክፍል አዲስ ሰው ገባ። ስትሮክ ቀኝ ጎኑንና አብዛኛውን ንግግሩን ወስዶበታል። ሴት ልጁ ግድግዳው ላይ የደንብ ልብስ የለበሰበትን ፎቶ ሰቀለች። የምግብ አብሳዩ መርከብ አዛዥ ነበር። ልጁ ይህን ስታውቅ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። «ስንት የሚያወሩት ነገር ይኖራቸዋል» አለችን። ኃላፊያችንም ደስ ብሏት ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ አስቀመጠቻቸው። ምግብ አብሳዩ የዚያን ቀን ምሳ አልነካም።

በማግስቱ ጢሙን ስላጨው ምክንያቱን አወጣው። የጦር ልምምድ ላይ ነበሩ። በተራሮች መካከል የገባ የባሕር ሰርጥ፣ የፊዮርድ ወለል ላይ ተኝተው፣ ከላይ የሚያስሷቸው መርከቦች እንዳይሰሟቸው ጫማ አውልቀው በካልሲ ነበር የሚሄዱት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ምድጃ ይጠፋል፤ የድስት ክዳኖችም እንዳይንኳኩ በጨርቅ ይጠቀለላሉ። አዛዡ ግን ትኩስ ሾርባ አማረውና ምድጃው ይብራ አለ። ምግብ አብሳዩ የጋለውን ድስት የሚይዝበት ጨርቅ አጣ፤ ከክዳኑ ላይ ያለውን ፈታ። ክዳኑ ከእጁ አመለጠ።

ተገኙ፤ ልምምዱንም ተሸነፉ። አዛዡ አልጮኸም። ጠመኔ አነሳና ማድ ቤቱ በር ላይ ጻፈ፤ «ይህ ሰው የድርሻውን ተናግሯል።» ወደብ እስኪገቡ ድረስ፣ አስራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ፣ ማንም አላናገረውም። ያበሰለውን በሉ፤ ሳህን ሲያቀብሉት ግን ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ነበር። አልጋ ተካፋዩ እንኳ ተራ ሲደርስ የሚቀሰቅሰው እግሩን በጣቱ ነካ አድርጎ ነው። አዛዡ በየቀኑ ሾርባውን ይቀምስና ለሌሎቹ «ዛሬ ጨው በዝቷል፤ ማን እንደሠራው እንጃ» ይላል። ይስቃሉ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ምግብ አብሳዩ ከድንቹ ጋር ማውራት ጀመረ።

«ድንቹስ ምን አለህ?» አልኩት።

«ድንች ከመኮንን ይሻላል። ሲላጥ ውስጡ ነጭ ነው።» ከዚያ ምላጩን የያዘውን እጄን ያዘ። «አሁን ተራው የእሱ ነው። ትረዳኛለህ?»

እሺ አልኩት።

አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። ሎጎፔዷ፣ ንግግር የምታስመልሰው ባለሙያ፣ አስቀድማ ነግራን ነበር። አዛዡ የሚባለውን ይረዳል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን አስራ አንድ ቃል ብቻ ነው። «አናግሩት» አለች። «ስትላጩትም ስታጎርሱትም፣ ምንም ይሁን አውሩለት። ሰው ካላናገረው እነዚህም ይሄዳሉ።»

በጠረጴዛው ዙሪያ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ፤ የምግብ አብሳዩን ቀልድ የሚወዱ። እነሱም አዛዡን ባለማናገሩ ገቡበት። ጠዋት ጠዋት አዛዡ ጤነኛ እጁን ወደ ምግብ አብሳዩ ዘርግቶ «ደህና… ደህና…» ይላል። ምግብ አብሳዩ ዳቦው ላይ ቅቤ ይቀባል። አሮጊቶቹ መስኮቱን ያያሉ። እኔ ገንፎውን በማንኪያ አቀርባለሁ። በጋ ስለሆነ ቋሚዎቹ ሠራተኞች እረፍት ወጥተዋል፤ ተተኪዎቹ ስሙን ሳያውቁ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ልጁ ሩቅ ሰሜን ነው የምትኖረው፤ የምትመጣው በወር አንዴ ነው።

አምስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ከመንጋ ጋር መንጎድ ነውር ነው እያልኩ ስንት ገጽ የጻፍኩ ሰው፣ ከሁለት አሮጊትና ከአንድ ተሽከርካሪ ወንበር ጋር መንጋ ሆንኩ። ከብዶኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። መኮንን ሲመጣ መንገድ በሚለቀቅበት አገር ላደገ ሰው፣ መኮንን ሲለማመጥ ማየት ይጥማል።

ሌላኛው ፎቅ ላይ የምትሠራ የአገሬ ሴት አንድ ከሰዓት የልብስ ጋሪዋን እየገፋች በበሩ አልፋ ነበር። ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«አንተ፣ ያን ሽማግሌ እንደ ድስት ነው እንዴ የምታጥበው?»

«እህት ዓለም፣ ታሪኩን አታውቂም።»

«ማወቅም አልፈልግ። ደህና ዋልክ ማለት ምላስ ይሰብራል?»

«ይሄ የፍትሕ ጉዳይ ነው።»

«ዳኛው ማን ሆነና? አንተ? በዚህ በፕላስቲክ ጓንትህ?» ጋሪዋን ገፋ አደረገችና ዞር አለች። «ብዙ ማንበብ ነው እንዲህ ያደረገህ ወይስ ድሮም እንዲህ ነህ?»

መልስ ነበረኝ፤ ረጅም፣ በደንብ የታሰበ መልስ። እሷ ግን አሳንሰሩ ውስጥ ገብታ በሩ ተዘጋ።

ሎጎፔዷ ከእረፍት ተመልሳ ሥዕሎቿን አልጋው ላይ ዘረጋች። ኩባያ፣ ውሻ፣ ጀልባ። አዛዡ ጀልባዋን ለረጅም ጊዜ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ስትጨርስ ሦስት ቃል ብቻ ነበር የቀረው። «ደህና» ከሦስቱ ውስጥ አልነበረችም።

«የሚያናግረው ሰው አለ?» አለችኝ።

«ያ» አልኳት፤ አዎ ማለት ነው። እዚህ አገር «ያ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ ይበቃል። ለዋሾ የተመቸ አገር ነው።

እራት ላይ ለምግብ አብሳዩ አዛዡ ሦስት ቃል ብቻ እንደቀረው ነገርኩት። ሹካውን አስቀመጠ። ያዝን ይሆን ብዬ አየሁት።

«እኔ በድንቹ ሰሞን ከዚያ በላይ ነበረኝ» አለ። ከዚያ ጨው አቀብለኝ አለ።

በማግስቱ አዛዡን ማናገር ጀመርኩ። ስለ ዝናቡ፣ ከቶየን ሰፈር ስመጣ ስለቆመው ባቡር፣ ስለማልወደው ጎረቤቴ አወራሁለት። ሳምንት ሙሉ አፌ አልተዘጋም። ድምፁ የጠፋ ቴሌቪዥን እንደሚታይ አፌን ያያል። ከሦስቱ ቃላት ሁለቱ ነሐሴ ሳያልቅ ሄዱ። የመጨረሻዋ ምን እንደነበረች አልጽፍም፤ ቢያንስ እሷ የእሱ ትሁን።

በመከር ሞተ። በመመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ሻማ አበራን፤ ፎቶውን አቆምን። ልጁ ምግብ አብሳዩን ስለ አባቷ አዛዥነት አንድ ነገር እንዲል ለመነችው። ወንበሩን ወደፊት ገፋሁለት።

«ከባድ አዛዥ ነበር» አለ፣ ድምፁን አሳምሮ። «ዝምታ ምን እንደሆነ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ሰዎች አለቀሱ። ሁለቱ አሮጊቶች ሳህናቸውን አዩ። ልጁ ምግብ አብሳዩን አቅፋ ሳመችውና ወደ እኔ መጣች፤ ሁለት እጄን ያዘች።

«ብቻውን አለመሆኑ ነው ያጽናናኝ» አለችኝ። «አንተ ነበርክለት።»

አላረምኳትም።

ምግብ አብሳዩን ዛሬም አጥበዋለሁ። ስለ አዛዡ አናወራም፤ ስለ ሌላ ነገር ሁሉ እናወራለን፣ እንስቃለንም። ይቅርታ ልንጠይቀው የሚገባን ሰው ከመሬት በታች ስለሆነ ሁለታችንም ተገላግለናል።

እኔ ልጅ የለኝም። የማረጀው በዚህ ከተማ ነው። በሰው ላይ የጻፍኩት ብዙ ነው፤ ከእናንተ ከአንባቢዎቼ መካከል ለቂም በቂ ምክንያት ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ቀን አልጋ ላይ ብወድቅና ማንኪያው እናንተ እጅ ቢገባ፣ ቂማችሁን እርሱልኝ አልልም። አናግሩኝ።