ስድስት ስንዝር ክንፍ

አባቴ ደብረ ብርሃን መኪና ተራው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ሲመጣ ዕቃውን በጣታቸው እየዳሰሱ መሥራት ለመዱ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ እኔም በፊዚክስ ተመርቄ የሥራ ምደባ እስኪወጣ ቤት ተቀምጫለሁ። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን፣

"አልዩ አምባን ዳግመኛ ሳላያት ልቀር ነው፤" አሉኝ። በወጣትነታቸው ከአንኮበር በበቅሎ ወደዚያ ቆላ ገበያ ይወርዱ ነበር፤ አሁን ጉልበታቸውም ዓይናቸውም እምቢ ብሏል። "ትንሽ አውሮፕላን ሥሪልኝ። ከአንኮበር አፋፍ እንልቀቃት። አንቺ እንደ ተሳፋሪ ሆነሽ የምታይውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ።"

ሰው ፊት ሦስት ዓረፍተ ነገር አከታትዬ የማልናገር ልጅ ነበርኩ። ከአውሮፕላኗ ይልቅ ያስፈራኝ መንገሩ ነው።

ክትባት በበረዶ የሚመጣበት፣ ከጤና ጣቢያ የተጣለ ነጭ የፎም ሳጥን አገኘን። አንድ ብቻ። ሞተሩ ከተሰበረ ትንሽ ቴፕ ወጣ፤ የሚያዞሩት አራት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋዮች ናቸው። ወደ ላይ እንደማያወጣት አውቃለሁ፤ ሥራው አወራረዷን ማርዘም ነው። ክብደቷንና የሞተሩን ጉልበት ደብተሬ ላይ አሰላሁ። አራት ስንዝር ክንፍ ይበቃታል አልኩ።

ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ ወረወርኳት። እንደ ንብ ጥዝ እያለች ሄደችና ሣሩ ላይ ዘፍ አለች።

"አቅም አንሷት ነው፤" አሉ አባቴ ድምፁን ሰምተው። ከሸክላ ማጫወቻ ትልቅ ሞተር ነቅለው ገጠሙላት፣ ሁለት ድንጋይም ጨመሩ። ስወረውራት በአፍንጫዋ ተተክላ ቀረች።

"ግድ የለም፣ ከዚህ የባሰ ጉልበተኛ ሞተር አለኝ።"

ማታ ደብተሬን ሳገላብጥ ስህተቴን አየሁት። የአየሩን ክብደት የወሰድኩት ከመማሪያ መጽሐፉ ነበር። መጽሐፉ የሚናገረው ስለ ባሕር ጠረፍ አየር ነው፤ እኛ ያለነው ደመና አጠገብ። ሁለት ቀን ደብተሬን አጥፌ ደበቅኩት። አባቴን አርሜ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ግን ለአዲሱ ሞተር መቀመጫ ሊቆርጡ የቀረንን ፎም አነሱ። ያ ከተቆረጠ ክንፍ የሚሆን የለም።

"አባባ፣ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም። የኔ ነው።"

"እንዴት?"

"የኛ አየር ቀጭን ነው፤ ክንፏ የሚደገፍበት አነሰው። ሞተር ስንጨምር ደግሞ ክብደት ጨመርንባት። መርዘም ያለበት ክንፉ ነው።"

"አየርም ቀጭንና ወፍራም አለው እንዴ?"

"እዚህ ውሃው ቶሎ ፈልቶ ባቄላው አልበስል የሚለው ለምን ይመስልዎታል?"

ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። "እናትሽ ይሄን ሁሉ ዘመን እንጨት ሻጩን ስትረግም!"

"አሁንም እረግመዋለሁ!" አለች እናቴ ከጓዳ። "እርጥብ ነው የሚሸጥልኝ!"

ትንሹን ሞተር መለስን። ክንፉ በአባቴ እጅ ሲለካ ስድስት ስንዝር ሆነ፤ እንዳይታጠፍ ቀጭን ቀርከሃ አጋደምንበት። ወደ አንኮበር በሚሄደው አውቶቡስ የአራት ሰው ጭን ላይ ተዘርግቶ ተጓዘ። ረዳቱ፣ "እህቴ፣ ይቺ ራሷ አትሄድም? ምን ብለሽ ታሳፍሪያታለሽ?" ብሎ አሳቀብኝ። አንገቴን ደፋሁ።

አፋፉ ላይ የጠዋቱ ነፋስ ከቆላው ሽቅብ ይነፍሳል። ለቀቅኳት። መጀመሪያ ወረደች። ከዚያ ረጅሙ ክንፍ እንደ ደጋን ለመጥ ብሎ አየሩ ላይ ተኛ።

"ሄደች?"

"ሄደች አባባ።"

"ንገሪኝ እንጂ!"

ዓይኔን ከእሷ ሳልነቅል ጀመርኩ። "ከአፋፉ ወጥቻለሁ። ጽዶቹ ከበታቼ ናቸው። ጥላዬ ገብሱ ላይ እየሮጠ ነው። የበቅሎ መንገዱ ይታየኛል፣ እንደ ወደቀ መቀነት ነው። ነፋሱ ሞቅ እያለ መጣ። አሁን ማሽላ ነው..." ድምፄ የኔ አይመስልም። አለመንቀጥቀጡን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

ነጭ ነጥብ ሆነች። ከዚያ ከሥር የተነሣው ጉም ዋጣት።

"አባባ፣ ከዚህ ወዲያ አላያትም።"

"እሷን ማን ጠየቀሽ? አንቺ መንገድ ላይ አይደለሽም? ቀጥይ።"

አልዩ አምባን በእግሬ ረግጬ አላውቅም። የማውቃት ከእሳቸው ወሬ ነው። ቢሆንም ቀጠልኩ፤ "ገበያው ደረስኩ። ግመሎቹ ተንበርክከዋል። ጨርቅ ሻጮቹ ዛፉ ሥር..."

"የለም፣ የለም፤" አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ቆላው እንዳዞሩ። "ጨርቅ ተራው ከመስጊዱ ወዲህ ነው።"

"እሺ፣ ከመስጊዱ ወዲህ፤" አልኩና ክንፌን ወደዚያ አዘነበልኩ።