ያልሰጠመችው ወጥ ሠሪ

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። ሀራሙስ በሚባለው የጅቡቲ ሀብታሞች ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካለ ቪላ ውስጥ የሰው ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ጅቡቲ ያመጣችኝ የእናቴ ታናሽ እህት ናት። ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለቻት። ለቪላው እመቤት፣ ለማዳም፣ ዋስ ሆና ያስቀጠረችኝም እሷው ነች። "ይህች ልጅ ብታጠፋ እኔን ያዢኝ" ብላታለች። እናም እዚያ ቤት የማጥበውም የምተኩሰውም በእሷ ቃል ላይ ቆሜ ነበር።

ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ጨዋታ ግን ማንም አላስተማረኝም፤ አብሮኝ ነው የተወለደው። አርብ አርብ እረፍት ስለሆነ፣ በየሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ከአክስቴ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል እንሰባሰባለን። እነሱ ፀጉር ይሠራራሉ፣ እግራቸውን ዘርግተው ይጋደማሉ፤ እኔ አወራለሁ። አንድ አርብ መምጣት ያልቻለች ጓደኛችን "የቀረብኝን በድምፅ ላኪልኝ" ብላ ለመነችኝና በስልክ ቀድቼ ላክሁላት። ያ ድምፅ ከስልክ ስልክ እየዘለለ ሄዶ፣ ሃያብለ የሚባል ሰፈር ያሉ አይቻቸው የማላውቃቸው ሴቶች "ቀጣዩስ?" ማለት ጀመሩ።

አንዷ ናት አዲስ አበባ ላለ፣ በስልክ የሚደመጥ ተከታታይ ትረካ ለሚያዘጋጅ ቤት የላከችልኝ። አዘጋጇ ደወለችልኝ።

"ድምፁን ተዪው፤ ድምፅ እኛ ጋ ሞልቷል። ጽሑፍ ላኪልን" አለች።

ከእንኳን አደረሳችሁ የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም ነበር። ፊደሉን ስልኬ ላይ በአንድ ጣት እየፈለግሁ ጀመርኩ። ቀን ጫቱ ከአገራችን ሲገባ ከተማው ጸጥ ይላል፤ ሰውም ሱቁም ይተኛል። ጌታው ከጓደኞቻቸው ጋር ይቅማሉ፣ ማዳም ትተኛለች፣ ያ ሰዓት የእኔ ነው። እየተኮስኩ ለራሴ አወራለሁ፤ አንድ አረፍተ ነገር አፌ ላይ ደህና አድርጎ ከተቀመጠልኝ ካውያውን አቁሜ እጽፈዋለሁ። አርብ ሲደርስ ለሴቶቹ አነባለሁ። አንዷ ማበጠሪያ ለማንሳት እጇን ከሰደደች፣ እዚያ ጋ ጨዋታው ሞቷል ማለት ነው፤ ቆርጬ እጥለዋለሁ። ማንም እንዲህ አድርጊ አላለኝም፤ እስከ ዛሬም ሌላ መንገድ አላውቅም።

መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ትንንሽ ነበር፤ የፀጉር ቤት ማስታወቂያ፣ ለሠርግ የሚነበብ ምርቃት። ከዚያ የተከታታይ ታሪኬ ባለቤት፣ ወጥ ሠሪዋ፣ በሐሳቤ መጣች። ፈረንሳይኛ ምግብ እችላለሁ ብላ ምላ የተቀጠረች ሴት ናት። አልጫውን "ራጉ" ትለዋለች፣ የምስር ክኩን አቅጥና "ሱፕ" ብላ በነጭ ሳህን ታቀርበዋለች፤ እንግዶቹ ሳህኑን ሊልሱት ምንም አይቀራቸውም። አዘጋጇ ወደደቻት። ለሙከራ የምልካቸውን የመጀመሪያና የመጨረሻ ክፍሎች ካጸደቁ ሙሉውን ሊያሠሩኝ ተስማማን።

በዚያው ሰሞን ማዳም ሙቀቱን ሸሽታ ፈረንሳይ ልትሄድ ነበር። ከመሳፈሯ በፊት፣ ስትመለስ ሥራዬን እንደምቀጥል ወይም እንደማልቀጥል ቁርጡን እንድነግራት ፈለገች። ሥራውን ትቼ በጽሑፍ ልተዳደር ማሰቤን ለአክስቴ ነገርኳት።

"ወሬ ሲያበላ ያየሁት ደላላን ብቻ ነው" አለችኝ በርበሬዋን እየነፋች። "እሱንም እስኪያስሩት ድረስ።"

"ይኼ ወሬ አይደለም፣ ጽሑፍ ነው።"

"የተጻፈ ወሬ ነዋ።"

ከአዘጋጇም ሌላ ነገር መጣ። "ጨዋታው ደስ ይላል፤ ግን አድማጭ ማልቀስ ይፈልጋል" አለች። "መጨረሻ ላይ ያባርሯት። በጀልባ ወደ የመን ትሻገርና ባሕር ላይ ትስጠም።" ሥራውን ስለፈለግሁት አልተከራከርኩም። ጻፍኩትና አርብ አነበብኩላቸው።

አንድም እጅ ወደ ማበጠሪያ አልሄደም።

"ገደልሻት?" አለችኝ ከመካከላቸው አንዷ፣ ጎንደሬዋ። "እኔ ለማልቀስ አርብን አልጠብቅም እቴ። ለእሱማ ሌሎቹ ቀኖች ይበቁኛል።"

ከጥግ ተቀምጣ የሰው ፀጉር የምትጎነጉን የወሎ ልጅ ነበረች። ወንድሟ ጀልባ ለመሳፈር ወደ ኦቦክ ወደብ ከሄደ ወዲህ አልደወለላትም። ቀና እንኳ አላለችም።

"ጀልባውን ተዪው" አለች። "ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ጀልባውን ተዪው።"

ተውኩት። በሳምንቱ ውስጥ መጨረሻውን እንደገና ጻፍኩ። አንዷ እንግዳ ወጥ ሠሪዋን ከእመቤቷ ልታስኮበልላት ትሞክራለች፤ እሷ ግን ለማንም ሳታድር የራሷን ምግብ ቤት ትከፍታለች። የድሮ እመቤቷ መጥታ ተራ ጠብቃ ትቀመጣለች፣ ራጉም ታዛለች። ላክሁት። ቀጥዬም ለማዳም ስትመለስ እንደማልቀጥል ነገርኳት። የአዘጋጇ መልስ ሳይመጣልኝ ነው የነገርኳት።

አርብ ክፍሏ ሞልታ ሳለ ስልኬ ጠራ። ሴቶቹ ሁሉም እንዲሰሙት ድምፁን አስከፈቱኝ።

"አልሰጠመችም እኮ" አለች አዘጋጇ።

"አልሰጠመችም።"

"ነግሬሽ ነበር።"

"ነግረሽኛል። ግን የምጽፍላቸው ሰዎች አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ እሺ አላሉኝም።"

"እሺ አላልንም" አለች ጎንደሬዋ ከኋላዬ።

አዘጋጇ ሳቀች። "እዚህም ተራኪያችን ምስሩ ጋ ሲደርስ እየሳቀ ማንበብ አቃተው። ሙሉውን እንወስደዋለን። ቀጣዮቹን ክፍሎች ግን በዚህ ሳምንት እፈልጋለሁ።"

"ስሜስ?"

"ትረካው ሲጀመር ይነገራላ። ደራሲዋ ሌላ ማን ናት?"

ክፍሏ በእልልታ ተናጋች። የወሎዋ ልጅ እጇ ላይ ያለውን ጉንጉን ለቃ መጥታ አንገቴን አቀፈችኝ።

ያ ተከታታይ ሌላ ወለደ፤ ሌላውም ሌላ። ዛሬ ለአዲስ አበባ፣ ለዱባይ፣ ለቤይሩት አድማጮች እጽፋለሁ፤ የጅቡቲ ነጋዴዎችም ማስታወቂያቸውን ለእኔ ይሰጣሉ። ቀጣሪ የለኝም፣ ደንበኛ ነው ያለኝ፤ ያልወደድኩትን ሥራ "ይቅርብኝ" እላለሁ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ለቀረች ልጅ ይህን ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ ብነግራችሁ አልጨርሰውም።

ያን አርብ ግን እልልታው ሲበርድ ጭንቅ መጣ። ማዳም ልትሳፈር አንድ ሳምንት ቀርቷታል፤ እስከዚያ ልሠራላት ቃል ገብቻለሁ። ቤቱ ደግሞ በሽኝት እንግዳና በሻንጣ ተተራምሷል። ጥዬ ብወጣ የዋሴ ቃል ይወድቃል፤ ባልወጣ የትረካው ክፍሎች አይደርሱም። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ወደ ሱቋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት ሱቋን ዘግታ ሀራሙስ ሄደች። ማዳም አውሮፕላን እስክትሳፈር ድረስ በእኔ ቦታ ገብታ ቤቱን ጠረገች፣ ሸሚዙን ተኮሰች፣ እንግዶቹን አበላች።