ጋሽ ክፍሎም የሸኟት ሴትዮ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ኦክቶበር፣ ቅጠሉ ረግፎ ሊያልቅ ሲል ነው። ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ጉድ አይደለም። ግን እንግዳ ከቤቴ ተነሥቶ ጫማውን መፈለግ በጀመረ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የምሠራው እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ኤደን ፕሬሪ ከተማ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው፤ መኖሪያዬ ጎረቤት ከተማ ኢገን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጥቂት ሰዎች ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ወጣ እያልን በእግራችን እንጓዛለን። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ለጤና ነበር። ከዚያ ጫማው ተገዛ፣ ዱላው ተገዛ፤ አሁን ሰው ሲጠይቀን «ሆቢያችን ነው» እንላለን።

የኛ ሰው የእግር ጉዞ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ፈረንጁ ውሃና አንድ ሙዝ ይዞ ሲያልፈን እኛ ለሠርግ የሚበቃ ምግብ ተሸክመናል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ ስንብቱ ነው። መኪና ማቆሚያው ላይ «በሉ ደህና ዋሉ» ከተባባልን በኋላ ገና አዲስ ወሬ ይጀመራል። እኔ ችኩል ነኝ። እንግዳ ሲወጣ በር ላይ ቆሜ እጄን አውለብልቤ እገባለሁ። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ስታፍርብኝ ኖራለች።

ጋሽ ክፍሎም የአስመራ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። አማርኛን የተማሩት በትምህርት ቤት ስለሆነ ከኔ አማርኛ የእሳቸው ይጠራል። ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ። ስኳር አለባቸው። በዚያ በጋ ስኳራቸው ወርዶ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ስለተገኙ፣ ሰናይት ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን የትም አትለቃቸውም ነበር። ሰውዬው መስኮት ላይ ተቀምጠው መዋላቸው አንጀቴን ስለበላኝ ከኛ ጋር እንዲወጡ ለምኜ ያስፈቀድኩት እኔ ነኝ።

ሰናይት ያደገችው እዚሁ ነው። ከአባቷ ጋር በትግርኛ፣ ከኛ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው። ጠዋት ልወስዳቸው ስሄድ መኪናዬ ድረስ መጥታ «ዶንት ሉዝ ማይ ዳድ፣ ኦኬ?» አለችኝ እየሳቀች፤ አባቴን እንዳትጥልብኝ ማለቷ ነው። ሳቋ ከልቧ አልነበረም።

ዛሬ በደህና ካልተመለሱ ሁለተኛ እንደማትለቃቸው ገብቶኛል። እሳቸውም ሳይገባቸው የቀሩ አይመስለኝም፤ መንገዱን በሙሉ ልብሳቸውን ሲያስተካክሉ ሄዱ።

የሄድነው ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወዳለ አንድ ፓርክ ነበር። አራት ነን፦ እኔ፣ ጋሽ ክፍሎም፣ ነርሷ ሌንሳና ደረጀ። ከመኪና እንደወረድን ጋሽ ክፍሎም ትንሽዋን ቦርሳቸውን ሲያነሡ ቀማኋቸው። ሽማግሌ ቦርሳ ተሸክሞ እኔ እጄን እያወዛወዝኩ ልሄድ ነው? አይሆንም። ከኔ የጀርባ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። ቦርሳው ውስጥ ጁሳቸው፣ ብስኩታቸውና ስልካቸው ነበር።

ከዳገቱ በላይ ወንዙን ቁልቁል የሚያሳይ አንድ የእንጨት ወንበር አለ። እዚያ አረፍን። ደረጀ የማታ ሺፍት ስለነበረው ቀድሞን መመለስ ነበረበት። ተሰናብቶን ሲነሣ ጋሽ ክፍሎምም አብረው ተነሡ።

«ብቻህን? እስከ መኪናህ ልሸኝህ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ይረፉ!»

«አንተ ደግሞ! እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።»

ደረጀ እምቢ ማለት አልቻለም። ማን ይችላል? ተያይዘው ወረዱ።

ጠበቅናቸው። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ መቀመጥ አስቸገረ። ኋላ ላይ ሌንሳ «ደክሟቸው በደረጀ መኪና ገብተው ይሆናል፤ የደረጀ መንገድ በቤታቸው በኩል ነው» አለች። ነገሩ ልክ መሰለኝ። ጥቂት ዞር ዞር ብለን፣ ፎቶ አንስተን፣ በሌላኛው መንገድ ወረድን። መኪና ማቆሚያው ጋ ስንደርስ የደረጀ መኪና የለም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ መዞር ቀረልኝ።

ሻንጣዬን መኪናው ውስጥ ሳስገባ ከውስጡ ስልክ ጮኸ። የጋሽ ክፍሎም ስልክ ነው። የምትደውለው ሰናይት ናት።

«ስልካቸው እኔ ጋ ቀርቶ ነው፤ እሳቸውን ደረጀ አምጥቷቸዋል» አልኳት።

«አይም ሆም» አለች። «ሂ ኢዝ ኖት ሂር።»

ሌንሳ ወዲያው ደረጀ ጋ ደወለች። የሥራ ቦታው ደርሶ ገና ከመኪናው አልወረደም። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ። «ከናንተ ጋር ናቸው እንጂ!» ይላል። «ሽማግሌ ብቻቸውን እንዴት ይመለሳሉ ብዬ እኔም መልሼ ሸኘኋቸው እኮ። ወንበሩ ሊታይ ትንሽ ሲቀረው ነው የተለያየነው።»

እሳቸው ደረጀን ሸኙ፣ ደረጀ እሳቸውን መልሶ ሸኘ፣ እኛ ደግሞ ከወንበሩ ተነሥተን ሄደናል። ሰውዬው ያለ ስልክ፣ ያለ ጁስ፣ ያለ ብስኩት ጫካ ውስጥ ናቸው። ያንን ሁሉ በአክብሮት ተሸክሜ የምዞረው እኔ ነኝ። ሰናይት አሁንም መስመር ላይ ናት። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ እሷ ግን ስልኩን ዘጋችው።

ሌንሳ ለፓርኩ ሠራተኞች ደወለች። እኔ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁት። ወንበሩ ባዶ ነው። «ጋሽ ክፍሎም!» ብዬ ስጣራ አንድ ሁለት ፈረንጆች ዘወር ብለው አዩኝ። ፀሐይዋ ዛፎቹ ላይ ዝቅ ብላለች፤ ብርዱ እየጨመረ ነው። ፈራሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ሲወድቁ ቢያንስ ልጃቸው ደርሳላቸዋለች።

ሌንሳ ስትደርስብኝ ብስክሌት የሚነዳ ጎረምሳ አስቁማ ጠየቀችው። ግራጫ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አይቷል። ከአንዲት ሴትዮና ከውሻ ጋር ከኛ ማቆሚያ በተቃራኒ ወዳለው ሌላ መኪና ማቆሚያ ሲሄዱ ነበር።

«እሳቸው አይደሉም» አልኩ። «ጋሽ ክፍሎም ውሻ አጠገብ አይደርሱም። ውሻ ሲያዩ መንገድ ይሻገራሉ።»

«ያ ረቢ! አንተ እዚህ ቆመህ ተከራከር፤ እኔ ሄድኩ» አለች ሌንሳ። ተከተልኳት።

መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ አሮጌ ቀይ መኪና ቆሟል። የኋላ በሩ ተከፍቷል። ጋሽ ክፍሎም እዚያ ጠርዝ ላይ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። በአንድ እጃቸው የጁስ ጠርሙስ፣ በሌላው የውሻ ገመድ ይዘዋል። ውሻው እግራቸው ላይ ተኝቷል። ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግን አወቁን። አጠገባቸው የእሳቸው እኩያ የምትሆን ነጭ ሴትዮ ቆማለች።

ሌንሳ እጃቸውን ይዛ ትመረምራቸው ጀመር። እኔ ነፍሴ መለስ ሲል ንዴቴም አብሮ መጣ።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው? ሰው እየፈለገዎት እኮ ነው! እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ብቻዋን ነበረች» አሉ።

የቀረውን ያጫወተችን ሴትዮዋ ናት። በዚያ መንገድ ስትሄድ የኖረችው ከባሏ ጋር ነው። ባሏ በጸደይ ሞተ። ያን ቀን ከሞቱ ወዲህ ገና መምጣቷ ነበር። ወንበሩ ጋ ስትደርስ ወደ መኪናዋ ብቻዋን መመለስ አቃታትና ቁጭ ብላ ማልቀስ ያዘች። ጋሽ ክፍሎም እኛን ሲያጡ እሷን አገኙ። ምንም አልጠየቋትም። እንግሊዝኛቸው እንደ ልብ አይደለም። በእጃቸው መንገዱን አሳዩና «አይ ጎ ዊዝ ዩ፣ ቱ ካር» ብለው አብረው ወረዱ። ዓይኗን ስትጠርግ የውሻውን ገመድ ተቀበሏት።

መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አንስተው ተሰናበቷትና ሊመለሱ ዞሩ። አረማመዳቸው ደስ አላላትም። «ልርዳህ?» አለቻቸው፤ እምቢ አሉ። «ስልክ ልደውልልህ?» አለች፤ እምቢ። በመጨረሻ «እንግዲያው አንተ እንደሸኘኸኝ እኔም ልሸኝህ» ስትል እሺ አሉ። ይሄኛውን እምቢ ማለት አልተማሩም። ጥቂት እንደሄዱ ጉልበታቸው ከዳቸው። ደግፋ ወደ መኪናዋ መለሰቻቸውና ያላትን ጁስ አጠጣቻቸው።

ብቻቸውን ሄደው ቢሆን ኖሮ መንገድ ላይ ይወድቁ ነበር። ሌንሳ ሴትዮዋን አቀፈቻት። እኔ እጇን ጨበጥኩ።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ስንደርስ ሰናይት በሩን ከፍታ ቆማለች። ሌንሳ አስቀድማ ደውላላት ስለነበር ሁሉን ሰምታለች። አባቷን ይዛ አስገባች። ከዚያ ወደኔ ዞራ «አይ ትረስትድ ዩ» አለችኝ፤ አምኜህ ነበር ማለቷ ነው። ሌንሳ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ስለሆነ «ደህና አምሹ» ብዬ እንደልማዴ ፈጥኜ ወጣሁ።

የመኪናዬን በር ልከፍት ስል ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጋሽ ክፍሎም በነጠላ ጫማ ተከትለውኛል።

«ጋሼ፣ በፈጣሪ ይግቡ! ብርድ ነው!»

«ሳልሸኝህ?»

እኔ በር ላይ እጄን የማውለበልበው ሰው ምን ላድርግ? ክንዳቸውን ያዝኩና መልሼ እስከ ደጃፉ ሸኘኋቸው። ደጃፉ ላይ ደግሞ እሳቸው እኔን ሊመልሱኝ ዞሩ። ሌንሳ መኪናው ውስጥ ፊቷን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ሰናይት እኔንም አባቷንም እያፈራረቀች አየችን። ከዚያ ካፖርቷን አንስታ ደረበች።

«አባዬ፣ ግባ» አለች። «እኔ እሸኘዋለሁ።»

አማርኛ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። እስከ መኪናው ድረስ አጠገቤ ሄደች። በሩን ከፍቼ ስገባ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየችኝ።

«ኔክስት ሳተርዴይ» አለች፣ «ስንት ሰዓት ነው?»

ጋሽ ክፍሎም አሁንም ከኛ ጋር ይጓዛሉ። ቦርሳቸውን ማንም አይነካባቸውም። ሴትዮዋም አንዳንድ ቅዳሜ ውሻዋን ይዛ ትመጣለች፤ ማን ማንን እንደሸኘ ከጋሽ ክፍሎም ጋር እስከ ዛሬ አልተስማሙም። መኪና ማቆሚያው ላይ ያለው ስንብት አሁንም ያናድደኛል፤ እንዲያውም ብሶበታል። ያን ቀን ሳስበው ግን ከፍርሃቱ ይልቅ «ብቻዋን ነበረች» ያሉበት ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። አሁን እንግዳ ከቤቴ ሲነሣ እኔም ጫማዬን እፈልጋለሁ።