የኔታ የለቀቁት ወንበር

እኔ በደብዳቤ የማምን ሰው ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ለዲኑ የምጽፈው ሁሉ ቁጥሩ ያልጎደለ፣ ግልባጩ የተሟላ ነበር። በሃምሳዎቹ መጨረሻ የቅኔ መምህሬ ከአንኮበር መጥተው ተማሪዎቼን እንዲያስተምሩ ያመለከትኩትም በዚሁ ወግ ነው። የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ቅኔው ግን ሁሉም በቃላቸው ነበር።

ዲኑ ማመልከቻዬን ወደ ምክትል ፕሬዚዳንቱ መሩት። ምክትል ፕሬዚዳንቱም በወፍራም ወረቀት፣ በትልቅ ማኅተም፣ «ጥያቄው በበጎ ታይቷል፤ ዝርዝሩ ይቅረብ» ብለው መለሱ። መቸኮሌ! በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ደብረ ብርሃን አደርኩ፤ ከዚያ በበቅሎ አንኮበር ገባሁ።

ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። «ማኅተሙ የት ጋ ነው?» ብለው ጣታቸውን አስመርተው ሳሙት።

«ትልቅ ሰው በማኅተም በጎ ካለ እንግዲህ ምን ቀረ?» አሉ።

ገና ነው ማለት ነበረብኝ። አላልኩም፤ ደስታቸው ደስ አለኝ።

በሳምንቱ የማስተማሪያ ወንበራቸውን ለአስነጋሪው፣ ለረዳታቸው፣ መርቀው አስረከቡ። በቅኔ ቤት መርቀው የሰጡት ወንበር አይመለስም፤ ተቀባዩ እንኳ ውሰዱት ቢል መምህሩ ምርቃቱን አያጥፍም። የኔታ ጓዛቸውን በአንድ አቁማዳ አስረው ጎጇቸው ደጃፍ ተቀመጡ።

እኔ ዝርዝሩን አቀረብኩ። ዲኑ የትምህርት ማስረጃ ጠየቁ፤ የቅኔ መምህር ዲፕሎማ የለውም ብዬ ጻፍኩ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ የፈተናውን ወረቀት ማን ሊያርም ነው አሉ፤ እኔ አርማለሁ ብዬ ጻፍኩ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ቢሆኑማ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። እኔ በአክብሮት እጀምራለሁ፣ እነሱ በሰላምታ ይጨርሳሉ፤ እንዲህ ስንባባል ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በመስከረም የመጣችው ደብዳቤ ሦስት መስመር ብቻ ነበረች፤ ደንቡ ስለማይፈቅድ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ይዣት ሄድኩ። የኔታ በእርምጃዬ ለይተውኝ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ደብዳቤው መጣ?»

«መጥቷል፣ የኔታ።»

«በል አንብብልኝ።»

አልቻልኩም። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ የፊተኛውን ደብዳቤ በቃሌ ወጣሁላቸው፤ «ጥያቄው በበጎ ታይቷል።» እጃቸውን ዘረጉና ወረቀቱን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው አሹት።

«የፊተኛው ወፍራም ነበር» አሉ።

ማዶ አስነጋሪው ሲያስተምር ድምፁ ይሰማል። የኔታ ጥቂት አዳመጡት።

«እንግዲያ አቁማዳውን ፍታልኝ፣ ልጄ። ደበሎዬ ከውስጥ ነው፤ በርዶኛል።»

ክረምቱን ሙሉ ያልተነካው ቋጠሮ እጄ ላይ አልፈታ አለ። የኔታ እጄን ቀስ ብለው አነሡና ራሳቸው ፈቱት።