በየትኛው «ሀ»?

ነገሬ የተበላሸው የዛሬ አራት ዓመት፣ በሐምሌ መጨረሻ ማክሰኞ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ላለችው የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ፈቃድ ላሳድስ ብሄድ፣ «ያምናውን ግብር አላሳወቁም» ተባልኩ። አሳውቄ ነበር፤ ደረሰኙን ግን ያፈሰሰ ጣሪያ አበስብሶታል። ሱቄ እንዳይዘጋ ስል ያንኑ ዓመት፣ እንደዘገየ ሰው፣ ከነቅጣቱ እንደገና አሳወቅሁ።

ነገሩ ግን ከሆዴ አልወጣም። በዚህ ሳምንት የመጀመሪያውን ማሳወቂያ ቅጂ ልጠይቅ ግብር ቢሮ ሄድኩ። የድሮ ማህደር ኮምፒውተሩ ላይ የሚፈለገው በስም ነው።

«ኃይሉ» አልኳት መስኮቱ ላይ ላለችው ልጅ።

«በጊዜው የቀረበ የለም፣ ጋሼ።»

«በየትኛው ሀ ፈለግሽ?»

«በሀ ነዋ። ስንት ሀ አለ?»

ቋንቋ አጥንቼ የተመረቅሁ ሰው ነኝና አስረዳኋት። ሃሌታው ሀ አለ፣ ሐመሩ ሐ አለ፤ የእኔ ብዙኃኑ ኀ ነው።

ከኋላዬ የተሰለፈ ነጋዴ «ጋሼ፣ ግብር ሊያሳውቁ ነው ፊደል ሊያስቆጥሩ የመጡት?» አለ። ሰልፉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ልጅቷ በብዙኃኑ ስትጽፈው ማሳወቂያዬ ከነፊርማዬ ወጣ፤ በጊዜው የገባ።

«እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝ። ከዚያ አነበበችና ቀና አለች። «ግን ጋሼ፣ እዚህ ሁለት ሰው ነዎት። በሃሌታው ሀ የተመዘገቡት ከዘገየው ማሳወቂያ ጀምሮ በየዓመቱ አሳውቀዋል። በብዙኃኑ ያሉት ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልመጡም። ቅጣት አለባቸው።»

ኃላፊው ይጠራልኝ አልኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በዚህ ጽሑፌም እጠይቃለሁ፦ አንዱን ሰው ለሁለት የከፈለው ማን ነው? ይመልስልኝ።