እጄን የያዘችው ልጅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በኮሮና ተዘግተው የከረሙት ትምህርት ቤቶች እንደገና በተከፈቱበት ሰሞን ነው። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን ዛሬም ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ልጁን እስኪይዝ ቆሜ አያለሁ። ጽሕፈት እምብዛም አልችልም፤ ታገሡኝ።

ያን ጊዜ የልጅ ልጄ ረድኤት አንደኛ ክፍል ነበረች። ትምህርቱ በፈረቃ ሆኗል፤ ግማሾቹ ዛሬ ከገቡ ግማሾቹ ነገ ነው። ድሮ ወላጅ ግቢ ገብቶ፣ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ልጁን ይቀበል ነበር። ያ ቀረ። ከአጥር ውጭ ተራርቃችሁ ቁሙ ተባልን። ልጆቹ ደግሞ ዩኒፎርማቸው አንድ፣ ቦርሳቸው አንድ፣ ማስካቸው አንድ።

እናቷ ለቡ ሰፈር ሥራ ስለምትውል የማመላልሳት እኔ ነበርኩ። ስሟን ጠርተህ፣ ማስኳን አስወልቀህ እያት ትለኝ ነበር እናቷ፣ ልጄ። እኔ ግንበኛ ነበርኩ፤ ዐይኔን ሲሚንቶ ጎድቶታል። ቢሆንም የገዛ የልጅ ልጄን ለማወቅ ማስክ አላስወልቅም ብዬ ድርቅ አልኩ።

አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ ልጆቹ እንደ ጎርፍ ወጡ። አንዷ ቀጥ ብላ መጥታ እጄን ያዘች። ቦርሳዋን ተቀበልኩና ወደ ቤታችን፣ ወደ መካኒሳ መንገድ ጀመርን።

ረድኤት ለፍላፊ ናት፤ መምህሯ ማስነጠሷን ሳይቀር ትነግረኛለች። ያን ቀን ግን ዝም። ብጠይቃት ራሷን ብቻ ትነቀንቃለች። ትንሽ እንደሄድን ደረቅ ሳል አሳላት። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በዚያ ሰሞን ሳል ምን ማለት እንደነበር ታውቃላችሁ። ጎንበስ ብዬ ማስኳን ዝቅ ባደርገው፣ ረድኤት አይደለችም።

ትንፋሽ ሲያጥረኝ የኔንም ማስክ አወለቅኩ። ልጅቷ ፊቴን ስታይ ለቅሶዋን አቀለጠችው።

መንገድ ዳር ቅቅል ድንች የምትሸጥ ሴት ብድግ ብላ መጣች። ልጅቷን ምን እንዳስለቀሳት ጠየቀችኝ። እኔም እውነቱን ተናገርኩ።

"የእኔ አይደለችም።"

"ያንቱ ካልሆነች ታዲያ የት ሊወስዷት ነው፣ አባቴ?"

ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ጋቢዬን ጨምድዶ ያዘኝ። ፖሊስ ይጠራ ያለም ነበር። እኔ የፈራሁት እነሱን አይደለም። ረድኤት በሩ ላይ ቀርታለች፤ ካጣችኝ ደግሞ ቤት ልሂድ ብላ ቀለበት መንገዱን ብቻዋን ልታቋርጥ ነው። ልሩጥ ብል ሊያመልጥ ነው ይሉኛል።

"ይዛችሁኝ ሂዱ፤ ብቻ ቶሎ ሂዱ" አልኳቸው።

ሴትየዋ ልጅቷን አቅፋ፣ እኔ በሁለት ጎረምሶች መሃል ሆኜ ተመለስን። መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ረድኤት ትሆን እንዴ ብዬ ወደ አስፋልቱ እዞራለሁ።

ስንደርስ በሩ ተዘግቷል። አጥሩ ሥር እንደኔው ጋቢ የለበሰ፣ ማስክ ያጠለቀ ሽማግሌ ቆሟል። ረድኤትን ክንዷን ጨብጦ ይዟታል፤ እሷ ብስኩት ትበላለች። ያቺኛዋ "አባባ" ብላ ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች።

ለካስ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ረድኤትን ስጠኝ ቢለው ሽማግሌው እምቢ ብሎታል።

"ያንተዋ እኔ ጋ ካለች፣ የእኔዋን ይዘህ አትጠፋም ብዬ ነው" አለኝ።

መያዣ አድርጓት ነው እንግዲህ። ልቆጣ አፌን ስከፍት የእሱዋን ልጅ ጋቢው ውስጥ ሲያስገባት አየሁ። ብስኩቱንም የገዛላት እሱ ነው። ተውኩት። የእሱዋ ልጅ ከተፈጥሮዋ ዝምተኛ መሆኗን፣ ሳሉም ጉንፋን መሆኑን ነገረኝ። ልንተቃቀፍ ስንል ጥበቃው ርቀታችሁን ጠብቁ አለን። ድንች ሻጯ ይቅርታ ስትለኝ፣ ደግ አደረግሽ አልኳት።

ወደ ቤት ስንሄድ ረድኤትን ከማታውቂው ሰው ጋር ምን አቆመሽ ብዬ ተቆጣኋት።

"መጀመሪያ አንተ መስለኸኝ ነው እጁን የያዝኩት" አለችኝ።

እጇን አጥብቄ ያዝኩና መንገዱን ተሻገርን።

ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ያ ሰውዬ ደግ ሆኖ ተገኘ እንጂ፣ ባይሆንስ? ሁለቱም ልጆች ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ አይተው እጃቸውን ሰጡ፤ እኛም ሳናይ ተቀበልን። ረድኤት አሁን አድጋ ብቻዋን ትመላለሳለች። መንገድ ላይ እንኳ እጄን ያዢ ብላት አፍራ ትሸሸኛለች። እጇን በቀላሉ የማትሰጥ ሆናለችና ከፋኝ ብል ውሸት ነው።